2025 ካሬ ዓመት ነው

ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ሁለተኛው ዓመት፣ 1849 ዓ.ም.፣ ካሬ ዓመት ነበር፤ 43 በራሱ ሲባዛ 1849 ይሆናልና። ቀጣዩ ካሬ ዓመት 1936 ነው፤ 44 ጊዜ 44። ያኔ ጣሊያን ተባርሮ የወቅቱ ንጉሠ ነገሥት ከስደት ከተመለሱ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድም ካሬ ዓመት አልገባም። የሚመጣው 2025 ዓ.ም. ነው፤ 45 ጊዜ 45። እሱ ያመለጠው ሰው ደግሞ እስከ 2116 መጠበቅ አለበት፤ 46 ጊዜ 46 ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለውን ርቀት ማስላት ቀላል ነው። ከ1849 እስከ 1936 ድረስ 87 ዓመት፣ ከ1936 እስከ 2025 ድረስ 89 ዓመት፣ ከ2025 እስከ 2116 ድረስ 91 ዓመት። ሦስቱም ጎዶሎ ቁጥሮች ናቸው፤ እየተከታተሉም በሁለት በሁለት ያድጋሉ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ወደኋላም ሆነ ወደፊት የፈለገውን ያህል ቢኬድ ሥርዓቱ አይዛነፍም፤ ምክንያቱም በጎዶሎ፣ በተጋማሽና በካሬ ቁጥሮች መካከል የቆየ ዝምድና አለ።

በ1980 ዓ.ም. የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለየት ያለ ዕድል ገጥሟቸዋል። በ2025 ዓ.ም. 45 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ዕድሜያቸው በራሱ ሲባዛ የዚያው ዓመት ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብና የሥነ አመክንዮ ሊቅ ኦገስተስ ደ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1806 ተወልዶ በ1849 ዕድሜው 43 ስለነበረ፣ ዕድሜውን ለጠየቀው ሁሉ በዚሁ እንቆቅልሽ ይመልስ ነበር። 2025 ሌላም ውበት አለው። ቁጥሩ ለሁለት ተከፍሎ 20 እና 25 ሲደመሩ 45 ይሆናሉ፤ 45 በራሱ ሲባዛ እንደገና 2025። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ድምርም ያው 45 ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ በጣም ቀላል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ ይህ ቁጥር ለሁለት እኩል ይከፈላል ወይስ አንድ ይተርፈዋል? ምንም የማይተርፈው ተጋማሽ፣ አንድ የሚተርፈው ጎዶሎ ይባላል። በሰፈር ወግ ተጋማሹን ሙሉ የሚለው ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የግል መኪኖች በሰሌዳቸው የመጨረሻ አሃዝ ሙሉና ጎዶሎ ተብለው በተራ በተራ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ ሾፌሩ ሁሉ የሰሌዳውን መጨረሻ እያየ ነበር ከቤት የሚወጣው። የመጨረሻው አሃዝ ብቻ የሚበቃው አስር፣ መቶና ሺህ ሁሉም ለሁለት ስለሚከፈሉ ነው። በግእዝ ቁጥርም ያው ነው፤ ፲፱፻፴፮ ብሎ የጻፈ ሰው ፮ን ብቻ አይቶ መፍረድ ይችላል።

ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁለቱ ትርፎች ተገናኝተው ጥንድ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ድምሩ ተጋማሽ ነው። ጎዶሎና ተጋማሽ ሲደመሩ ግን ያንዱ ትርፍ ብቻውን ስለሚቀር ድምሩ ጎዶሎ ይሆናል። ሲባዙ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ተጋማሽ ከሆነ ውጤቱ ተጋማሽ ነው፤ ሁለቱም ጎዶሎ ከሆኑ ግን ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ካሬ ቁጥር የመነሻውን ጠባይ ይወርሳል፤ 44 ተጋማሽ ነው 1936ም ተጋማሽ፣ 45 ጎዶሎ ነው 2025ም ጎዶሎ። እዚህ ድረስ የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ አልፎ እንዲያይ ሳይደረግ ነው ከትምህርት ቤት የሚወጣው፤ ይህ በጣም ያስቆጫል።

ከ2,400 ዓመታት በፊት የነበሩት የፓይታጎረስ ተከታዮች ቁጥርን በጠጠር ነበር የሚያጠኑት፤ ዛሬም ከዚያ የተሻለ ማሳያ የለም። መሬት ላይ አንድ ጠጠር ይቀመጥ። በስተቀኙ አንድ፣ ከሥሩ አንድ፣ በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ላይ አንድ ሲጨመር 3 ጠጠሮች ታከሉ ማለት ነው፤ 2 በ2 የሆነ ካሬ ይወጣል። አሁንም በስተቀኝ 2፣ ከሥር 2፣ በማዕዘኑ 1 ሲጨመር የታከሉት 5 ናቸው፤ ካሬው 3 በ3 ይሆናል። ቀጥሎ በስተቀኝ 3፣ ከሥር 3፣ በማዕዘኑ 1፦ 7 ጠጠር፤ 4 በ4። በየዙሩ በሁለቱ ጎኖች የሚታከሉት ጠጠሮች እኩል ስለሆኑ ጥንድ ይሠራሉ፤ የማዕዘኑ ጠጠር ግን ሁልጊዜ ብቸኛ ነው። ድምሩን ጎዶሎ የሚያደርገው እሱ ነው። ከአንድ ካሬ ወደሚቀጥለው ለመድረስ የሚታከለው ምንጊዜም ጎዶሎ ቁጥር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

1፣ ከዚያ 1 እና 3 ሲደመሩ 4፣ ከዚያ 5 ሲታከል 9፣ 7 ሲታከል 16፣ 9 ሲታከል 25። ጎዶሎ ቁጥሮችን ከአንድ ጀምሮ አንዱንም ሳይዘል የደመረ ሰው የትም ላይ ቢያቆም የሚያገኘው ካሬ ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 89 ያሉትን 45 ጎዶሎ ቁጥሮች ለመደመር ትዕግሥቱ ያለው 2025 ላይ ያርፋል። ከ1936 እስከ 2025 ያለው ርቀት 89 የሆነውም ለዚህ ነው፤ በአንዱ ጎን 44፣ በሌላው ጎን 44፣ በማዕዘኑ 1።

ይኸው የጎዶሎዎች ሰልፍ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ፈጽሞ ባልተጠበቀ ቦታ ብቅ አለ። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሊ የሚወድቅ ነገር እንዴት እንደሚፈጥን ማወቅ ፈለገ፤ ነገር ግን ወደ ታች የተለቀቀ ድንጋይ በዘመኑ ሰዓት ለመለካት በጣም ፈጣን ነበር። ስለዚህ እንጨት ላይ ቦይ አስቆፍሮ፣ እንጨቱን አዘንብሎ፣ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ ጊዜውን ከዕቃ በቀጭኑ በሚወርድ ውኃ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1638 ሌይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የሰፈረው ውጤት ይህ ነው፦ ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል አንድ እጅ ርቀት ከሄደ፣ በሁለተኛው ሦስት እጅ፣ በሦስተኛው አምስት እጅ፣ በአራተኛው ሰባት እጅ ይሄዳል። ከተነሳበት ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ርቀት ደግሞ 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ ያድጋል። አየር የማያግደው ድንጋይ ከገደል ቢለቀቅ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር፣ በሁለተኛው 14.7 ሜትር፣ በሦስተኛው 24.5 ሜትር ይወርዳል። 14.7 የ4.9 ሦስት እጥፍ፣ 24.5 አምስት እጥፍ ነው። ጠጠር የደረደሩት ግሪኮች ይህን የተፈጥሮ ሕግ በእጃቸው ይዘውት እንደነበር ማን በነገራቸው!

ግንበኞችም ከዚሁ ዝምድና ይጠቀማሉ። የቤት መሠረት ሲወጣ ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሿ ስኳድራ አትበቃም፤ በረጅም ግድግዳ ላይ ትንሽ ስሕተት እየሰፋች ትሄዳለች። ስለዚህ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክት እስከ ምልክት በሰያፍ ሲለካ ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ካነሰ ወይም ከበለጠ አንዱ ችካል ይነቀላል። ይህ የሚሠራው 3 በ3 እና 4 በ4 ሲደመሩ 5 በ5 ስለሚሆኑ ነው፤ 9 እና 16 ድምራቸው 25።

እዚህ ጋ ጠጠሮቹን ማስታወስ ይጠቅማል። ከ4 በ4 ወደ 5 በ5 ለመሄድ የሚታከለው 9 ጠጠር ነው፤ 9 ደግሞ ጎዶሎ ብቻ ሳይሆን ራሱም ካሬ ነው። የሚታከለው ጎዶሎ ቁጥር ራሱ ካሬ በሆነ ቁጥር ለግንበኛ የሚሆን አዲስ ሦስት ማዕዘን ይወለዳል። ቀጣዩ ጎዶሎ ካሬ 25 ነው፤ ሲደመሩ 25ን የሚሰጡ ተከታታይ ቁጥሮች 12 እና 13 ስለሆኑ 5፣ 12፣ 13 ይገኛል። ከ49 ደግሞ 7፣ 24፣ 25 ይወጣል። ጎዶሎ ካሬዎች ማለቂያ ስለሌላቸው እንዲህ ያሉ ሦስት ማዕዘኖችም አያልቁም። በጣም ሰፊ አዳራሽ የሚሠራ ግንበኛ በ3፣ 4፣ 5 ፋንታ 6፣ 8፣ 10 ቢጠቀም ግን ይመረጣል፤ ቅርጹ ያው ሆኖ ስሕተቱን ይቀንስለታል።

ወደ ዘመን አቆጣጠር እንመለስ። በኢትዮጵያ እያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወንጌላዊ ስም አለው። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ እሱ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢቀር ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢቀር ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ቢቀር ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዘመነ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ለአራት ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈልም ወደዚያው ያደርሳል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን 6 ነበረችው።

እንግዲህ ካሬ ቁጥር ለአራት ሲካፈል ምን ይቀረዋል? የተጋማሽ ቁጥር ካሬ ሁለት ጊዜ ለሁለት ስለሚከፈል ምንም አይቀረውም። የጎዶሎ ካሬ ደግሞ ከበፊቱ ተጋማሽ ካሬ ላይ ጠጠር በማከል የሚገኝ ነው፤ ለምሳሌ 2025 ማለት 1936 ሲደመር 44፣ ሲደመር 44፣ ሲደመር 1 ነው። 1936 ለአራት ይካፈላል፤ ሁለቱ 44ቶችም አንድ ላይ 88 ሆነው ለአራት ይካፈላሉ። የሚተርፈው የማዕዘኑ አንድ ጠጠር ብቻ ነው። ካሬ ቁጥር ለአራት ሲካፈል ወይ ምንም አይቀረውም ወይ አንድ ይቀረዋል፤ ሁለትና ሦስት ፈጽሞ አይቀረውም።

ስለዚህ ካሬ ዓመት ዘመነ ማርቆስም ዘመነ ሉቃስም ሆኖ አያውቅም፤ ወደፊትም አይሆንም። 1849 ማቴዎስ፣ 1936 ዮሐንስ፣ 2025 ማቴዎስ፣ 2116 ዮሐንስ እያለ ይፈራረቃል። ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን በካሬ ዓመት መጨረሻ ላይ የወደቀችበት ጊዜ የለም። ይህን ለማወቅ የሁለት ሺህ ዓመት ባሕረ ሐሳብ መገልበጥ አላስፈለገም፤ ለሁለት ይከፈላል አይከፈልም የሚለው ጥያቄ ብቻ በቃ።

የኢትዮጵያ ስም ከጎዶሎና ከተጋማሽ ጋር የሚነሳበት ሌላም ቦታ አለ። በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒውተር መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ የሚታወቅ ዘዴ አለ፤ ሌሎች የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ ይሉታል። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ያልያዘ ሰው እጥፍ ማድረግና ለሁለት መክፈል ከቻለ ይበቃዋል። አንዱ 24 ብር የሚሸጥ ደብተር 13 ተገዛ እንበል። በግራ 13፣ በቀኝ 24 ይጻፋል። ግራው ለሁለት እየተከፈለ፣ ግማሽ ሲተርፍ እየተጣለ ይወርዳል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ቀኙ እጥፍ እየሆነ ይወርዳል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር ይሰረዛል። እዚህ ተጋማሹ 6 ብቻ ስለሆነ ከጎኑ ያለው 48 ይወጣል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ፤ 13 ጊዜ 24ም 312 ብር ነው።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ውብ ነው። 13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ነው፤ 2 የለበትም። ደብተሩ አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜና ስምንት ጊዜ ሲገዛ 13 ይሞላል። በግራ መስመር ላይ ጎዶሎ ቁጥር በመጣ ቁጥር «ይህ እጥፍ ያስፈልጋል» ይላል፤ ተጋማሽ ሲመጣ «ይህ ይለፍ» ይላል። የጥንት ግብፆችም በማጠፍ ነበር የሚያባዙት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህመስ የተባለ ጸሐፊ የገለበጠውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ፓፒረስ ይህን ያሳያል። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚያየው እንዲሁ ነው፤ 13ን የሚይዘው 1101 አድርጎ ነው፣ ስምንት አለ፣ አራት አለ፣ ሁለት የለም፣ አንድ አለ ማለቱ ነው። ይህ ዘዴ ሕፃናት ማባዛት በሚጀምሩበት ክፍል ውስጥ ቢገባ ምንኛ ደስ ይል ነበር።

ሰው በተሰበሰበበትም ጎዶሎ ቁጥር ሥርዓቱን አይለቅም። በአንድ ሠርግ ቤት እንግዶቹ እርስ በርስ ይጨባበጣሉ፤ አንዱ በቦታው ያገኘውን ሁሉ ይዞራል፣ ሌላው ሦስት ሰው ጨብጦ ይቀመጣል፣ ዘግይቶ የገባው ማንንም አይጨብጥም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደጨበጠ ቢጠየቅ፣ ጎዶሎ ቁጥር የሚመልሱት ሰዎች ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው። አንድ መጨባበጥ በሁለት ሰው ስለሚቆጠር ጠቅላላ ድምሩ የግድ ተጋማሽ ይሆናል፤ ጎዶሎ የሚመልሱት ሰዎች ብዛት ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ያፈነግጥ ነበር።

ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1735 ባቀረበው ጥናት በተመሳሳይ ሐሳብ የኮኒግስበርግን እንቆቅልሽ ፈታ። ከተማዋ በወንዝ ለአራት ተከፋፍላ በ7 ድልድዮች ትገናኝ ነበር፤ ነዋሪዎቿ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግረው መጨረስ ይቻል እንደሆነ ይጠያየቁ ነበር። ኦይለር እንዲህ አለ፦ መንገደኛው ወደ አንድ ሰፈር በአንድ ድልድይ ገብቶ በሌላ ስለሚወጣ፣ ከተነሳበትና ከሚጨርስበት በቀር የየሰፈሩ ድልድዮች ብዛት ተጋማሽ መሆን አለበት። በኮኒግስበርግ ግን አንዱ ሰፈር 5፣ ሌሎቹ ሦስቱ 3፣ 3፣ 3 ድልድይ ነበራቸው፤ አራቱም ጎዶሎ። ስለዚህ አይቻልም። ዛሬ የግራፍ ቲዎሪ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ከዚህ ነው የጀመረው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ በቤል ቤተ ሙከራዎች ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ቅዳሜና እሑድ ለሚያሰላለት ትልቅ መሣሪያ ሥራውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ማንም በማይኖርበት ሰዓት መሣሪያው ስሕተት ሲያገኝ ያንን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለት ተከታታይ ሳምንት ሰኞ ሲመለስ ሥራው አልተሠራም። ተናደደ፤ መሣሪያው ስሕተት መኖሩን ካወቀ የት እንደሆነ የማያውቀው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

መሣሪያው ስሕተቱን የሚያውቀው በጎዶሎና በተጋማሽ ነበር። በአንድ መልእክት ውስጥ ያሉት 1ዶች ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን አንድ ተጨማሪ ምልክት ይታከልበታል፤ በመንገድ ላይ አንዷ ምልክት ከ0 ወደ 1 ወይም ከ1 ወደ 0 ብትገለበጥ ብዛቱ ጎዶሎ ይሆናል፣ ስሕተት መኖሩም ይታወቃል። የትኛዋ እንደሆነች ግን አይታወቅም። ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱን ሰጠ፤ አንድ ቆጠራ ሳይሆን የሚደራረቡ ብዙ ቆጠራዎች ይደረጉ አለ።

ሰባት ቦታዎች አሉ እንበል፣ ከ1 እስከ 7 የተቆጠሩ። አራቱ መልእክቱን ይይዛሉ፤ 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ጠባቂዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጠባቂ በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ቦታዎች ያሉት 1ዶች ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን ያደርጋል። ሁለተኛው 2፣ 3፣ 6 እና 7ን፣ ሦስተኛው 4፣ 5፣ 6 እና 7ን ይጠብቃል። መልእክቱ ሲደርስ ሦስቱም ቡድኖች እንደገና ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ተጋማሽ ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎዶሎ ቢገኙ፣ የተጣሱት የ2ኛው ቦታና የ4ኛው ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። 2 ሲደመር 4 ስድስት ነው፤ የተገለበጠችው በ6ኛው ቦታ ያለችው ምልክት ናት። 0 ከሆነች 1፣ 1 ከሆነች 0 ተደርጋ ትስተካከላለች፤ ላኪው መልእክቱን ዳግመኛ እንዲልክ አይጠየቅም። የባንክና የኢንተርኔት አገልግሎት በሚሰጡ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ማህደረ ትውስታ ዛሬም ስሕተቱን የሚያርመው ከዚሁ ሐሳብ በተገኘ ዘዴ ነው።